የእግዜር እንግዳ እና ፀጉረ ልውጥ

«ፀጉረ ልውጥ ሲያዩ ይጠቁሙ» የሚል ማስታወቂያ ያልሰማ የዚህ ዘመን ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ጦርነት በመጣ ቁጥር፣ ኮማንድ ፖስት በታወጀ ቁጥር ይሄ ቃል ብቅ ይላል። ትርጉሙ የማናውቀው ሰው ማለት ነው፤ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ፣ በሰፈሩ ዘመድ የሌለው፣ መንገድ ላይ ድንገት ያገኘነው።

ለዚያው ሰው አያቶቻችን ሌላ ስም ነበራቸው። የእግዜር እንግዳ ይሉት ነበር።

ዛሬ ስለዚህኛው ስም ልጽፍ ነው። ቦታው ሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋ ይሁን። ዋግን የመረጥኩት ለአገሬው ሰው ውዳሴ ለመደርደር አይደለም። ዋግ የመንገድ አገር ነው፣ ዋግ ድሃ አገርም ነው። እንግዳ የሚበዛበትና እህል የሚያንስበት ቦታ ላይ ነው የዚህ ልማድ እውነተኛ ዋጋ የሚታየው። ጎተራው ሙሉ በሆነ ቤት እንግዳ መቀበልማ ምን ያቅታል?

ሰቆጣ በድሮው ዘመን የጨው ከተማ ነበረች። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ የሚወጣው አሞሌ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ደጋውን ሲወጣ ከሚያርፍባቸው ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ነች። አሞሌ ጨው ብቻ አልነበረም፣ ገንዘብም ነበር። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ የወረደው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ ጽፏል። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስም አሞሌ ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ይገበይ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ሆቴል የለም፣ የመኪና መንገድ የለም፣ ገደሉና ሸለቆው እግር ይቆርጣል። ያ ሁሉ ሲራራ ነጋዴ፣ ያ ሁሉ ተሳላሚ የት ያድር ነበር? ሰፍሮ በሜዳ ያደረው አድሯል። ሌላው ሰው ቤት ነው ያደረው፤ በማያውቀው ሰው ቤት።

ቋንቋው ራሱ ይሄን ይመሰክራል። በግዕዝ «ነገደ» ማለት ተጓዘም፣ ነገደም ነው። «ነግድ» ደግሞ እንግዳ ነው። ነጋዴ፣ ንግድ፣ እንግዳ፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱት ነጋድያን ሁሉም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ጨው ሻጩና ተሳላሚው በቋንቋ ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው። ለባለቤቱም ሲመሽ ልዩነት አልነበራቸውም፤ ሁለቱም በር ላይ የቆሙ ሰዎች ናቸው።

የበሩን ሥርዓት ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። መንገደኛው ከአጥሩ ውጭ ይቆማል፣ ውሻው ይጮኻል። «ቤቶች!» ይላል። «ማነው?» ሲባል ስሙን አይናገርም። «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ መሽቶብኝ ነው» ይላል። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይባላል። ከዚያ እግሩ ይታጠባል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጥበው የቤቱ ልጅ ነው። የተገኘው ይቀርባል። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ የሚለው ወሬ የሚጀመረው ከበላ በኋላ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ እንቁም። «ማነው?» ለሚለው ጥያቄ «የእግዜር» ብሎ መመለስ ተራ ትሕትና አይደለም። ሰውየው ማንነቱን ከበሩ ውጭ ትቶ ነው የሚገባው። ዘሩ፣ ሹመቱ፣ ደም ያለበት መሆን አለመሆኑ አይጠየቅም። በአገው ኽምጣኛ ይናገር፣ በትግርኛ ይናገር፣ በአማርኛ ይናገር ያው ነው። እስላም ነጋዴ ክርስቲያን ቤት ሲያድር ሥጋው ይለያል እንጂ ማደሪያው አይለይም። ባለቤቱም ያስጠጋው ሰውየውን አይቶ ሳይሆን የላከውን ስም አይቶ ነው። ይሄ ሕግ ነው፤ በወረቀት ያልተጻፈ የመንገድ ሕግ።

ሕጉን ያጸናው ደግሞ ትምህርት ነው። አብርሃም በመምሬ የተቀበላቸው ሦስት መንገደኞች በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥላሴ ናቸው። በየመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሦስት መልካቸው አንድ የሆነ፣ ጢማም አረጋውያን ተሥለው የምናያቸውም ከዚህ ትምህርት ጋር ተያይዞ ነው። ሽማግሌዎች የሚተርኩት ተጨማሪ ታሪክም አለ። አብርሃም ያለ እንግዳ እህል አይቀምስም ነበርና ሰይጣን ከመንገዱ ላይ ቆሞ መንገደኛውን ሁሉ መለሰበት፤ አብርሃም ሦስት ቀን ሳይበላ ጠበቀ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሦስቱ የመጡት። እኔ በዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚገርመኝ የሰይጣኑ ብልሃት ነው። አብርሃምን ክፉ ሊያደርገው አልሞከረም። መንገዱን ብቻ ነው የዘጋው።

ከተአምረ ማርያም ደግሞ በላዔ ሰብእ አለ። መጽሐፉ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመን ነው፣ ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አደረጉ። 78 ሰው የበላው ሰው የዳነው በአንድ ጥርኝ ውኃ ነው፤ መንገድ ላይ ላገኘው፣ ለማያውቀው በሽተኛ በእመቤታችን ስም በሰጣት ውኃ። የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል ይሄን ሲሰማ ያደገ ገበሬ በሩ ላይ የቆመውን መንገደኛ እንዴት እንደሚያየው ገምቱ። የቆሎ ተማሪውም የሚኖረው በዚሁ ነው። ከእናት አባቱ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ያችኑ ጥርኝ ውኃ እያስታወሰ ነው የሚለምነው።

አሁን ግን እውነቱን ሙሉ እናድርገው፤ ያለፈውን ሁሉ ማር የማድረግ በሽታ አለብንና። ባላገሩ ሁለት ዓይነት እንግዳ ነበረበት። አንዱ የእግዜር ነው፣ ሌላው የንጉሥ። የንጉሡ እንግዳ አይለምንም፤ ታዝዞለት ነው የሚመጣው። ተሰሪ ወታደር ቤት ገብቶ ይቀመጣል፣ በሬውን ያርዳል፣ ጎተራውን ያራግፋል። አልቫሬዝና ጓደኞቹም ሲጓዙ አብሯቸው የነበረው የንጉሥ ሰው ቀለብና ተሸካሚ ከባላገሩ ያስወጣ ነበር፤ በአንጎት በኩል ሲያልፉ ሕዝቡ በድንጋይ ተቀበላቸው። እንግዳ ተቀባይ የሚባለው ሕዝብ ማለት ነው! ለኔ ግን እነዚያ ድንጋዮች ከልማዱ ጋር አይጣሉም። በስም የለመነን ማስገባት ምርጫ ነው፣ በትእዛዝ የመጣን ማብላት ግብር ነው። ምርጫ ሲሆን ብቻ ነው መንፈሳዊ ትርጉም የሚኖረው።

ምርጫው ደግሞ የተሰበረበት ጊዜ አለ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን፣ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት እልቂት የአገሩን በሬ ከጨረሰ በኋላ፣ ሰው ሰው በላ የሚል ወሬ እስኪመዘገብ ደርሷል። በላዔ ሰብእ ከመጽሐፍ ወጥቶ መንደር ገባ ማለት ነው። በር ተዘጋ። የዘጉትን ለመውቀስ የሚያበቃ አፍ ያለን አይመስለኝም።

በ1977 ደግሞ የዋግ ሰው ራሱ መንገደኛ ሆነ። ከዋግ፣ ከላስታ፣ ከራያ ተነስቶ እህል ፍለጋ ኮረም ወረደ። ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን በጥቅምት ወር ያሳዩት ምስል ዓለምን ያስለቀሰው ከዚያው ከኮረም ነው። ስንት ትውልድ በሩን ከፍቶ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ሲል የኖረ ገበሬ፣ ሜዳ ላይ ተኝቶ የማያውቁት ሰዎች ዓይን ሥር ወደቀ። ከረሃቡ አገር በሰፈራ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የተጓዘው ሕዝብ ወደ 600 ሺህ ይጠጋል። እዚያም ሲደርስ እንግዳ ነው፤ በንጉሥ ባይሆን በደርግ ትእዛዝ የመጣ እንግዳ። የነባሩ ሰው ቅሬታ እስከ ዛሬ ያልበረደባቸው ቦታዎች መኖራቸው የድንጋዩን ታሪክ ያስታውሰኛል።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው በስልካችን የምንቀባበለው ታሪክ ስለሚያሳስበኝ ነው። ታክሲ ውስጥ ሒሳቤን የከፈለልኝ የማላውቀው ሰው፣ ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ያጽናናችኝ ሴት፣ «መልአክ ላከልኝ»፣ ላይክ፣ ሼር። ክፋት የለውም፣ እኔም አንብቤ ዓይኔ እንባ ያቀረረበት ጊዜ አለ። ግን ልብ በሉ፣ በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ እንግዳው የሚላከው ሁልጊዜ ለእኛ ነው። እኛን ሊያጽናና፣ ለእኛ ሊከፍል፣ ለእኛ ምልክት ሊሆን። የእግዜር እንግዳ እንዲህ አልነበረም። እሱ የመጣው ለራሱ ነው፤ ርቦት፣ መሽቶበት። ውሻ ያስጮኻል፣ ለልጆች የተቀመጠውን እንጀራ ይበላል፣ መደቡን ይይዛል፣ ጠዋት ስንቅ ተቋጥሮለት ይሄዳል፤ ምናልባት ሁለተኛ አይታይም። ምንም መልእክት አላመጣም። ቅድስናው ባለቤቷ ስንት እንጀራ እንደቀረ እየቆጠረች «ይግቡ» ስትል ነው የሚጀምረው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰቆጣን ከእጅ ወደ እጅ ሲያዟዙራት፣ ከአበርገሌና ከፃግብጂ ወረዳዎች ሕዝብ ተፈናቅሎ ወደ ከተማዋና ወደ አካባቢዋ መጣ። ወለህ ላይ በመጠለያ የሰፈረ አለ፣ ሰው ቤት የተጠጋም አለ። በዚያው ወራት ነው «ፀጉረ ልውጥ» የሚለው ቃል በየሬዲዮው የሚጮኸው። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ በር፣ አንድ የማይታወቅ ሰው፤ ሁለቱ ስሞች እኩል ጆሮው ላይ እየጮኹ። ስጋቱ የውሸት ነበር አልልም፤ ልጁን የቀበረ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ከፍቶ ያስገባው ሰው ግን ብዙ ነው፤ የከፈተውም ይሄን ስጋት እያወቀ ነው።

ችግሩ የዱሮው ሕግ የተሠራው ለአንድ ሌሊት መሆኑ ነው። የእግዜር እንግዳ ሲነጋ ይሄዳል። የአበርገሌው ሰው ሲነጋ የሚሄድበት አልነበረውም፤ ክረምት ከበጋ እዚያው ከረመ። ያስጠጋው ቤተሰብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ የሴፍቲኔት ተረጂ ነው። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ቀለብ በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ነው፤ ማታ ማታ ትሪው ዙሪያ የሚቀመጠው ሰው ግን ከዚያ ይበልጣል።