ደራሶ (የተጸውኦ ስም)

ደራሶ፣ አንዳንድ ጊዜም ዳራሶ ተብሎ የሚጻፈው፣ በዲላ፣ በወናጎ፣ በይርጋ ጨፌና በዙሪያቸው የሚኖረው የጌዴኦ ሕዝብ የመጀመሪያ አባቴ የሚለው ሰው ስም ሲሆን፣ ለልጅ ከሚወጣ ስምነቱ ይልቅ በትውልድ ሐረግ ቆጠራ መነሻነቱ ይታወቃል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ደራሶ የጉጆና የቦሮ ታላቅ ወንድም ነበር፤ ጉጆ የጉጂ፣ ቦሮ ደግሞ የቦረና አባት ሆነው ስለሚቆጠሩ፣ ትረካው በቋንቋ የሚለያዩ ጎረቤታሞችን በአንድ ቤት ልጅነት ያስተሳስራል፤ በመሆኑም በዝምድና ቃል የተነገረ የጉርብትና ውል አድርጎ ማንበቡ ተገቢ ነው።

የጌዴኦ ሰባት ጎሳዎች ከደራሶ ሁለት ሚስቶች እንደተገኙ ይነገራል። ዶባ፣ ደራሻ፣ ጎርጎርሻና ሃኑማ «ሾሌ ባቴ»፣ በካሮ፣ ሄምባአና ሎጎዳ ደግሞ «ሳሴ ባቴ» በሚባሉ ወገኖች ይመደባሉ፤ በጌዴኦ ቋንቋ «ሾሌ» አራት፣ «ሳሴ» ሦስት ማለት ነው። ከጎሳዎቹ አንዱ ደራሻ መባሉ ለአባትየው ስም ያለው ቅርበት በግልጽ የሚታይ ነው።

ስሙ ከቤተሰብ አልፎ የሕዝብና የግዛት መጠሪያ የሆነው «ደራሳ» በሚለው መልኩ ነው። በዘውዱ ዘመን አካባቢው በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የደራሳ አውራጃ ይባል ነበር፤ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት «ጌዴኦ» በኋላ ይፋዊ ስም ሆኖ በዛሬው የጌዴኦ ዞን ጸንቷል፤ የጌዴኦ መልክዓ ምድርም በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚሁ ስም ነው።

የኢትዮጵያ ስም አወጣጥ ቋሚ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የአባት ስም ለልጁ ሁለተኛ፣ ለልጅ ልጁ ሦስተኛ ሆኖ ከቆየ በኋላ ከመዝገብ ይወጣል፤ ስለዚህ ለሕፃናት በየጊዜው ያልወጣ ስም በጥቂት ትውልድ ውስጥ ከጽሑፍ ይጠፋል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የፕሮቴስታንት እምነት በጌዴኦ በስፋት መሰራጨቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞችን ሲያበራክት፣ ለነባር ስሞች የሚቀረውን ቦታ አጥብቧል። ደራሶን ከዚህ ዕጣ የጠበቀው ሐረጉን በቃል የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች መኖራቸው ነው፤ ይህ የቃል ቆጠራቸውም ሊመዘገብ የሚገባው ታላቅ ዕውቀት ነው።

የወናጎን የቀድሞ የመሬት፣ የግብርና የቡና ጉዳይ የሚያጠና ሰው በዘውዱ ዘመን ሰነዶች ውስጥ የሚያገኘው «ደራሳ» የሚለውን ስም ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ሚቺሌ በተባለ ቦታ ከባለርስቶች ጋር የተዋጋው ገበሬም በዚያ ዘመን አጠራር የደራሳ ገበሬ ነው።