ሜዲኬይድ፣ የቤተሰብ ስጦታና የ60 ወሩ ፍተሻ

ሜዲኬይድ እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ፣ ዝቅተኛ ገቢና ጥሪት ያላቸውን ሰዎች የሚያሳክም የመንግሥት ፕሮግራም ነው። የአረጋውያን የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር የነርሲንግ ሆምን (የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋምን) የረጅም ጊዜ ወጪ ስለማይሸፍን ብዙ አረጋውያን በመጨረሻ የሚጠጉት ወደዚሁ ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች ግን ነጠላ አመልካች ከመኖሪያ ቤቱና ከመሳሰሉት ውጭ እንዲኖረው የሚፈቀደው 2,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነው።

ታዲያ ገንዘቡን ቀደም ብሎ ለልጆች ማካፈልስ?

በ2006 የወጣው ሕግ ከማመልከቻው በፊት የተሰጡ ስጦታዎች የሚመረመሩበትን፣ 36 ወር የነበረውን የኋሊት ፍተሻ ወደ 60 ወር አራዘመው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተሰጠው ገንዘብ ግዛቱ ላወጣው አማካይ የነርሲንግ ሆም ወርሃዊ ዋጋ ይካፈላል። ዋጋው 10,000 ዶላር ቢሆን፣ 100,000 የሰጠች እናት ለ10 ወር ሜዲኬይድ አይከፍልላትም። የሚከፋው ደግሞ ቆጠራው የሚጀምረው ከስጦታው ዕለት አለመሆኑ ነው፤ እናት ነርሲንግ ሆም ገብታ፣ ጥሪቷ ተሟጦ፣ ስታመለክት ነው።

በ2025 ለአንድ ሰው 19,000 ዶላር የሆነው ዓመታዊ የስጦታ ጣሪያ የግብር ሕግ እንጂ የሜዲኬይድ አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። ከሜሪላንድ ወደ አዲስ አበባ ለዘመድ የተላከ ብርም እንደ ስጦታ ሊቆጠር ይችላል።

ኮንግረስ በ1996 ለሜዲኬይድ ብቁ ለመሆን ብሎ ሀብትን መስጠትን ወንጀል እስከማድረግ ደርሶ ነበር። በዓመቱ ቅጣቱን ከአዛውንቶቹ አንስቶ ተከፍሏቸው በሚመክሩት ላይ አዞረው፤ በ1998 ግን የፍትሕ ሚኒስትሯ ጃኔት ሪኖ አላስፈጽመውም አሉ።

ከወላጁ ጋር ቢያንስ 2 ዓመት ኖሮ፣ እያስታመመ ነርሲንግ ሆም መግባቱን ያዘገየ ልጅ ግን ቤቱ ያለ ቅጣት ሊዛወርለት ይችላል። ለዚህም ብዙ ጊዜ የሐኪም ደብዳቤ ይጠየቃል።