በዋዮሚንግ አገር ርስት ያቀኑ ሴቶች ዜና

በአሜሪካ ምዕራብ በዋዮሚንግ አገር በጉልበታቸው ርስት ላቀኑ፣ በዳኝነትና በሹመት ወንበርም ለተቀመጡ ሴቶች ክብር ይህን ዜና እንጽፋለን። ነገራችንም አንድ ነው፤ መብቱን በወረቀት የጻፉላቸው ወንዶች ናቸው፤ ያጸናላቸው ግን የገዛ ሥራቸው ነው። እግዚአብሔር የደከመን ሰው ላብ አይረሳም፤ ጸሐፊም ሊረሳ አይገባውም።

በ1862 በሜይ 20 ቀን (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን) ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የሆምስቴድን አዋጅ ፈረሙ። በአዋጁም ዕድሜው 21 የሞላ ወይም የቤተሰብ ራስ የሆነ ሰው 160 ኤከር፣ ማለት ከጋሻ ተኩል የሚበልጥ መሬት እንዲመራ፣ አምስት ዓመት ተቀምጦ ቤት ሠርቶ ካረሰውም ርስቱ እንዲሆን ተፈቀደ። አዋጁ ወንድና ሴት ብሎ አልለየም፤ ያላገባች፣ ባሏ የሞተባትና የፈታች ሁሉ በስሟ መመራት ቻለች። ባል ያላት ግን በባሏ ጥላ ሥር ቀረች። 

በ1869 በዲሴምበር 10 ቀን የዋዮሚንግ ግዛት ገዢ ጆን ካምቤል፣ ዊልያም ብራይት ያቀረበውን ሕግ ፈርመው ለሴቶች የመምረጥና የመሾም መብት ሰጡ። በዚህም የተቈጣው የሳውዝ ፓስ ሲቲ ዳኛ ሥራውን ለቀቀ። ያች ከተማ የወርቅ ቈፋሪዎች ከተማ ነበረች፤ ሰዎቿም ለዳኛ የሚመቹ አልነበሩም። በ1870 በፌብሩዋሪ ወር በዚያ ወንበር ወይዘሮ ኤስተር ሆባርት ሞሪስ ተሾሙ፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 55 ዓመት ነበረ። ከስምንት ወር በላይ የዕዳና የድብደባ ነገር እየሰሙ ፈረዱ። በአገሪቱ ከእርሳቸው በፊት በዳኝነት የተቀመጠች ሴት አልነበረችም። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 6 ቀን በላራሚ ከተማ የ69 ዓመት አሮጊት ወይዘሮ ሉዊዛ ስዌይን ሽርጣቸውን እንደ ታጠቁ፣ እርሾ የሚገዙበትን ትንሽ ባልዲ በእጃቸው ይዘው፣ ወደ ምርጫው ቤት ገብተው ድምፃቸውን ሰጡ ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት የሕግ ምክር ቤቱ መብቱን ሊሽር ተነሣ፤ ገዢው ካምቤል ግን ሽረቱን አልፈርምም አሉ፤ የእርሳቸውን ተቃውሞ ለመሻር አንድ ድምፅ ብቻ ጐደለ። ሴቶች ከወንዶች ጋር በዳኝነት ሸንጎ ለመፍረድም መጠራት ጀምረው ነበር፤ ይህ ግን በዚሁ ሰሞን ቀረ።

ወንዶቹ ይህን ሕግ ያወጡት ለሴቶች አዝነው ሳይሆን ሴት በጠፋበት አገር ሰፋሪ ለመሳብና ተቀናቃኞቻቸውን ለማሳፈር ነው የሚል ሰው አለ። በከፊል እውነት ነው፤ የሰጪዎቹ ልብ ንጹሕ ነበረ ብለን አንምልም። ነገር ግን የሰጪ ልብና የስጦታ ዕድሜ ለየብቻ ናቸው። ዋዮሚንግ በ1890 በጁላይ 10 ቀን ሙሉ ክፍለ ሀገር ሆና ወደ ኅብረቱ ስትገባ፣ በዋሽንግተን ብዙዎች ይህን መብት እየተቃወሙ ሳለ ይዛው ገባች። ሰፋሪ ለመሳብ ብቻ የወጣ ሕግ ቢሆን ኖሮ የመጣልያው ቀን ያ ነበረ። ሃያ ዓመት ሲመርጡ፣ ሲያርሱና ግብር ሲከፍሉ ያዩአቸውን ሴቶች ዝም በሉ ማለት ግን አልተቻለም።

ከአራሾቹ ሁሉ ስማቸው የታወቀው ወይዘሮ ኤሊኖር ፕሩት ስቱዋርት ናቸው። ገና ወጣት ሳሉ ወላጆቻቸው ሞተውባቸዋል፤ በዴንቨር ከተማም የሰው ልብስ እያጠቡ ኖሩ። በ1909 ትንሽ ልጃቸውን ጄሪንን ይዘው በርንት ፎርክ ወደሚባለው አገር ሄዱና ለክላይድ ስቱዋርት የቤት ሠራተኛ ሆኑ። የሣር አጨዳ ጊዜ ደረሰ፤ አጫጅ ግን ታጣ። ስቱዋርት ሰው ፍለጋ ሄዶ ሳለ እርሳቸው ፈረሶቹን በማጨጃው መኪና ጠምደው መስኩን ያጭዱ ጀመር፤ ሲመለስም የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ ተደነቀ። በዚያ የአጨዳ ወቅት ሰባት ላም በየቀኑ አለቡ፣ ምግቡን አብዛኛውን በሌሊት ሠሩ፣ ከዱር ፍሬም ማርማላታ አዘጋጁ። ከስቱዋርት ርስት አጠገብም በስማቸው መሬት ተመሩ። ቀድሞ ያሠሯቸው ለነበሩ እመቤት የጻፏቸው ደብዳቤዎች በ1914 መጽሐፍ ሆነው ወጡ፤ በእነርሱም፣ በከተማ ልብስ አጥባ የምትደክም ድኻ ሴት ያንኑ ድካም በመሬቷ ብታደርገው እንደሚሻላት ተከራከሩ። ክላይድ ስቱዋርትን አግብተው ነበርና መሬቱን በ1912 ለአማታቸው፣ ለክላይድ እናት፣ ለቀቁት።

ሴቶቹ ለአባትና ለወንድም ስም አበዳሪዎች ነበሩ የሚል ክርክርም አለ። እንዲህ ያሉ አልጠፉም፤ የመሬት መዝገቡ ግን ሁሉም እንዲህ ነበሩ ብሎ አይመሰክርም። ከ1887 እስከ 1908 ካሉት ዓመታት አራቱን ወስዶ በዋዮሚንግ የዳግላስን፣ በኮሎራዶ የላማርን መዝገብ በመረመረ ጥናት፣ ከተመሪዎቹ 12 በመቶ ያህሉ ሴቶች ሆነው ተገኙ። ግዴታውን ፈጽመው ርስቱን የጨበጡት ከሴቶቹ 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ 37 በመቶ ናቸው። ስም ያበደረ ሰው በባዶ ሜዳ የዋዮሚንግን በረዶ ዓመት ከዓመት ሊችል አይገደድም፤ እነዚህ ግን ችለው ጨበጡ።

ወደ ሹመቱ ወንበር እንመለስ፤ በ1924 የዋዮሚንግ ገዢ ዊልያም ሮስ ሞቱ። ሚስታቸው ወይዘሮ ኔሊ ቴይሎ ሮስ በምርጫ ተተኩና በ1925 በጃንዋሪ 5 ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ በአሜሪካ ከእርሳቸው በፊት ተመርጣ ክፍለ ሀገር የገዛች ሴት አልነበረችም። በ1926 ምርጫ ወንበሩ ለሌላ ሆነ። የመረጣቸው የሐዘን ርኅራኄ ነው ያሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሐዘን ለአንድ ምርጫ በቅቶ ይሆናል። በ1933 ግን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የአገሪቱን የሳንቲም መቅረጫ ቤት ሰጧቸው። ያን መሥሪያ ቤት ወንዶች ብቻ ሲያዙት ኖረዋል፤ እርሳቸው እስከ 1953 ሃያ ዓመት አዘዙት፣ የፎርት ኖክስ የወርቅ ግምጃ ቤትም በዘመናቸው ተሠራ። ለርኅራኄ ብሎ የአገር ወርቅ ለሃያ ዓመት በአንድ ሰው እጅ የሚያኖር መንግሥት የለም።