«ረሃቡ ንጉሡን ጣለ» የሚል ድርሰት ስንት ያገኛል?

የዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ተማሪዎች ከሚሰጣቸው የጽሑፍ ሥራዎች አንዱ የመንስኤና ውጤት ድርሰት ነው። ተማሪው አንድ ክስተት ይመርጥና ለምን እንደሆነ፣ ምን እንዳስከተለ በጥቂት አንቀጽ ይጽፋል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ በችኮላ የመለሰ ተማሪ የሚያጣው ማርክ ብቻ ነው፤ በችኮላ የመለሰ አገር ግን ብዙ ያጣል።

አንድ ተማሪ የ1966ቱን አብዮት መረጠ እንበል። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ ወሎ ተራበ፣ ቤተ መንግሥቱ ደበቀ፣ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ንጉሡ ወረዱ። አንድ ምክንያት፣ አንድ ውጤት፣ አንድ ጥፋተኛ።

ጥሩ መምህር ግን ኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ይጽፍበታል፦ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ትግራይ፣ በ1958 ደግሞ ያው ወሎ ተርቦ ነበር። ያኔ ዙፋኑ ለምን አልተነቃነቀም?

ምክንያቱ ኖሮ ውጤቱ ካልመጣ፣ ያ ምክንያት ብቻውን አልበቃም ማለት ነው። ስለዚህ ተማሪው በ1966 ምን እንደተጨመረ መፈለግ አለበት።

የተጨመረው ብዙ ነው። ጥር 4 ቀን ነገሌ ቦረና የሰፈረው ወታደር በምግቡ መበላሸትና በውኃ እጦት አመፀ። ሊያነጋግሩት የመጡትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን አግቶ ያንኑ ምግብና ውኃ አቀመሳቸው። ከዚያ ቀደም ሲል የተነሣው የዐረብና የእስራኤል ጦርነት የዓለምን የነዳጅ ዋጋ አራት እጥፍ ገደማ አንሮት ነበር። ዳፋው አዲስ አበባ ደረሰና ቤንዚን ሲወደድ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን «ሴክተር ሪቪው» በተባለው የትምህርት ዕቅድ የተቆጡት መምህራንም አድማ መቱ። የካቲት ሳያልቅ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ።

እነዚህ የቅርብ ምክንያቶች ናቸው። ሥሩ ከዚህ ይጠልቃል፦ የጭሰኛው ዕዳ፣ የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር፣ በ1957 ተማሪዎች አደባባይ ያወጡት «መሬት ለአራሹ»፣ ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ ንጉሥ።

ረሃቡስ? የሥርዓቱን ክብር አርክሷል፤ ይህ አይካድም። ግን የጊዜው ቅደም ተከተል ይታይ። ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው የረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀላቅሎ ለኢትዮጵያውያን በቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው። ንጉሡ የወረዱት በማግስቱ። ደርግ ግን ከተቋቋመ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ፊልሙ ውሳኔውን አላመጣም፤ ለተወሰነው ውሳኔ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ እንጂ። «ቀድሞ መጣ» እና «አመጣው» ለየቅል ናቸው።

ይህ የተማሪ ልምምድ ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። ነገር ግን አገሪቱ ራሷ ያንን የመጀመሪያ ረቂቅ አጸደቀችው። ምክንያቱ አንድ ከሆነ ጥፋተኛው ይታወቃል፤ ከታወቀ ደግሞ ምርመራ ለምን ያስፈልጋል? ኅዳር 14 ቀን 1967 አክሊሉንና ልጅ እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ 60 ገደማ ሰዎች ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተገደሉ።

የምክንያት ፈተናው ቀላል ነው፦ ሲነሣ ውጤቱም መነሣት አለበት። ንጉሡ ተነሡ። ባለርስቱም በየካቲት 1967 አዋጅ ተነሣ። ከ10 ዓመት በኋላ ግን ወሎና ትግራይ ከቀድሞው በከፋ ሁኔታ ተራቡ። ድርቅ ነበር፤ ጦርነት ነበር፤ ገበሬው በግድ በርካሽ የሚያስረክበው የእህል ኮታ ነበር። ከሁሉ በላይ ዝምታ ነበር፤ መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በድግስ ሲያከብር ረሃቡ እንዲነገር አልፈለገም። ፊልሙ የከሰሰው ያ ድግስ በሌላ ደጋሽ ተደገመ።

ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን የ1965ቱን የወሎ ረሃብ መርምሮ፣ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ እህል ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። ሰው ያለቀው እህል ከአገር ስለጠፋ ሳይሆን መግዣ ስላጣ ነው። ይህን ምክንያት ገዥ በመቀየር ብቻ ማስወገድ አይቻልም። የገበሬው አቅም፣ መንገዱና ገበያው፣ ችግርን በጊዜው የሚናገር ነጻ አንደበት ያስፈልጋሉ።

ዛሬም በየመድረኩ «የችግራችን ሁሉ ምንጭ እገሌ ነው» የሚል ድርሰት በየቀኑ ይጻፋል። እገሌው እንደ ጸሐፊው ወገን ይለያያል፤ የአጻጻፉ ስልት ግን ያው ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ከማጋራት በፊት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፦ ይህ ምክንያት ኖሮ ውጤቱ ያልመጣበት ጊዜ የለም? በምክንያቱና በውጤቱ መካከል ያለው ሰንሰለት ታይቷል? እገሌ ነገ ቢነሣ ችግሩ አብሮት ይሄዳል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ መልሳዋለች። መልሱንም የከፈለው የወሎና የትግራይ ገበሬ ነው።