ባንዲራ አልባው ምክር ቤት

ባንዲራ በመስቀላችሁ ብቻ እስከ አምስት ዓመት ልትታሰሩ ትችላላችሁ ብትባሉ ምን ትላላችሁ? ፊሊፒንስ ውስጥ ከ1907 እስከ 1919 ድረስ ሕጉ ይኸው ነበር። (ዓመቶቹም ወሮቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። እኛ አድዋ ላይ በተዋጋንበት በ1896፣ ፊሊፒኖዎችም ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በገዛቻቸው በስፔን ላይ ተነሡ። ጁን 12 ቀን 1898 መሪያቸው ኤሚሊዮ አጊናልዶ ነጻነት አወጁ። ያን ቀን የተሰቀለውን ባንዲራ የሰፉት ማርሴላ አጎንሲልዮ የተባሉ ሴት ነበሩ፤ የተሰፋውም በስደት ከሚኖሩበት ከሆንግ ኮንግ ነው። ስምንት ጨረር ያላት ፀሐይና ሦስት ኮከቦች አሉበት።

ስፔን ግን አገሪቱን ለባለቤቶቹ አልለቀቀችም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ፓሪስ ውስጥ ለአሜሪካ አስረከበቻት፤ አሜሪካም 20 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። የማርሴላ ባል ፌሊፔ የአዲሱ መንግሥት መልእክተኛ ሆነው ፓሪስ ድረስ ሄደው ነበር። ወደ ድርድሩ አላስገቧቸውም! አገራችሁ ስትሸጥ በር ላይ ቆማችሁ እንደመጠበቅ አስቡት። በ1899 ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ተነሣ፤ አጊናልዶ በ1901 ተማረኩ።

ስለ ጦርነቱ ብዙ ተጽፏል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ትግሉ ከጫካ ወደ ወንበር ተዛወረ።

በ1907 አሜሪካኖች ፊሊፒኖዎች የራሳቸውን ምክር ቤት እንዲመርጡ ፈቀዱ። ሁሉም ሰው አይደለም ታዲያ፦ ሴቶች አይመርጡም፤ ወንዶችም ቢሆኑ 23 ዓመት የሞላቸው፣ ያውም ንብረት ያላቸው ወይም እንግሊዝኛ አለዚያም ስፔንኛ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ ወይም ቀድሞ በስፔን ዘመን ሹመት የነበራቸው ብቻ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ያሸነፈው ነጻነትን በግልጽ የሚጠይቀው የናሲዮናሊስታ ፓርቲ ሆነ። ደጋፊዎቹ ደስታቸውን ሲገልጹ ያን ባንዲራ ይዘው ወጡ። ማኒላ ያሉ አሜሪካውያን ተቆጡ፤ በኦገስት የባንዲራው ክልከላ ታወጀ። ምክር ቤቱ ሥራ የጀመረው በኦክቶበር ነው። እንግዲህ የሕዝብ ተወካዮቹ የገዛ ባንዲራቸው በታገደበት አገር ተሰበሰቡ ማለት ነው።

ሥልጣናቸውም ጠባብ ነበር። ከበላያቸው ከዋሽንግተን የሚሾም ኮሚሽን ተቀምጧል፤ እሱ ያልተስማማበት ሕግ አያልፍም። ግን አዳራሹ መናገሪያ ሆነላቸው። በ1908 አፈ ጉባኤው ሰርጂዮ ኦስሜንያ ሕዝቡ ነጻነት እንደሚፈልግ፣ ራሱንም ማስተዳደር እንደሚችል ተናገሩ፤ ምክር ቤቱም ደገፋቸው። ማኑኤል ኬዞን ደግሞ በአሜሪካ ኮንግረስ ውስጥ ተወካይ ነበሩ፤ መናገር ይችላሉ፣ ድምፅ መስጠት ግን አይችሉም። እዚያው ሆነው ወተወቱ። በ1916 የጆንስ ሕግ ወጣ፦ የተሾመው ኮሚሽን ቀርቶ በምርጫ የሚገባበት ሴኔት መጣ፤ የነጻነት ተስፋም በጽሑፍ ሰፈረ። ቀን ግን አልተቆረጠለትም።

ቀኑን ለማስቆረጥ ያገዘው ደግሞ ያልተጠበቀ ወገን ነው። ከ1929 የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ የአሜሪካ ስኳር አምራቾችና ሠራተኛ ማኅበራት «ከፊሊፒንስ ያለ ቀረጥ የሚገባው ስኳርና በነጻ የሚመጣው ሠራተኛ ገበያችንን ወሰደብን» ማለት ጀመሩ። ለነጻነት የቆሙት ፊሊፒኖዎችን ወደው ሳይሆን እንዲርቁላቸው ነው። በ1934 የወጣው ሕግ ከአሥር ዓመት ሽግግር በኋላ ነጻነት እንደሚሰጥ ደነገገ፤ ወዲያውኑ ደግሞ ወደ አሜሪካ የሚሄዱትን ስደተኞች በዓመት 50 ሰው ላይ ገደበ። አምሳ ሰው ብቻ!

በ1935 ኬዞን የሽግግሩ ፕሬዚዳንት ሆኑ። መካከል ላይ የጃፓን ወረራ ገባ፤ ኬዞንም በስደት ላይ ሳሉ በ1944 ሞቱ። ነጻነቱ የመጣው ጁላይ 4 ቀን 1946 ነው፤ አሜሪካ የራሷን ነጻነት በምታከብርበት በዚያው ዕለት። ፊሊፒኖዎች ቀኑን አሥራ ስድስት ዓመት ያህል አከበሩት። በ1962 ግን ፕሬዚዳንት ዲዮስዳዶ ማካፓጋል በዓሉን ወደ ጁን 12፣ የማርሴላ ባንዲራ ወደተሰቀለበት ቀን አዛወሩት።