የርቢ ስያሜዎች ታሪክ

አልጀብራዊ ቁሞች የሚደመሩት ያልታወቀው ቁጥርና ርቢው አንድ ዐይነት ሲሆኑ ነው፤ 2ሀ³ እና 5ሀ³ ሲደመሩ 7ሀ³ ይሆናሉ፤ ርቢው አይለወጥም። ሲባዙ ግን ርቢዎቹ ይደመራሉ፤ ሀ² በሀ³ ሲባዛ ሀ⁵ ይሆናል። ርቢ በራስጌ ቁጥር ስለሚጻፍ ሕጉ ዛሬ ቀላል ይመስላል። ርቢ በቃል ብቻ ይጠራ በነበረበት ዘመን ግን የሕጉ ግልጽነት የተመሠረተው በስያሜው ላይ ነበር።

በ3ኛው ምእተ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ገደማ እንደ ኖረ የሚገመተው የእስክንድርያው ዲዮፋንቶስ ዳግም ርቢን «ዲናሚስ»፣ ሣልስ ርቢን «ኪቦስ» ይላል፤ አምስተኛውን ርቢ ደግሞ ሁለቱን አጣምሮ «ዲናሞኪቦስ» ብሎታል። በዚህ አሰያየም ስሞቹን ማጣመር ቁሞቹን እንደ ማባዛት ነበር። በዐረብኛም ዳግሙ «ማል» (ሀብት)፣ ሣልሱ «ካዕብ» ሲባሉ አምስተኛው «ማል ካዕብ» ሆኗል። እዚህ ላይ ተርጓሚ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ በግእዝ «ካዕብ» ሁለተኛ ማለት ነውና በድምፅ የሚመሳሰሉት ቃላት በርቢ ይለያያሉ።

«ማል» ወደ ላቲን ሲተረጐም «ኬንሱስ» ተባለ፤ በጣልያንኛ በኩል አልፎም በጀርመን የሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ «ዜንሱስ» ሆነ። ቃሉ ሲወረስ ግን የማጣመሩ ሥርዓት ተለወጠ። «ዜንሲኩቡስ» የስድስተኛው ርቢ ስም ሆነ፤ 2 እና 3 ተባዙ እንጂ አልተደመሩም። ስለዚህ አምስተኛው ርቢ ከሁለቱ ስሞች ሊወጣ ስላልቻለ «ሱርሶሊዱም» የሚባል አዲስ ስም አስፈለገው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሬኮርድም እ.ኤ.አ. በ1557 ባሳተመው መጽሐፍ ስምንተኛውን ርቢ «ዜንዚዜንዚዜንዚክ» ብሎታል። ሁለቱን ቁሞች የሚያባዛ ሰው የውጤቱን ስም ከስሞቹ ማግኘት አልቻለም፤ በቃል መያዝ ነበረበት።

መውጫው የተገኘው ከቁጥር ነው። ሚካኤል ሽቲፈል እ.ኤ.አ. በ1544 የርቢውን አመልካች ቁጥር በላቲን «ኤክስፖኔንስ» ብሎ ሰየመው። ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው «ጂኦሜትሪ» ቁጥሩን በፊደሉ ራስጌ ጻፈ። የማባዛቱ ሕግም እንደገና ለዐይን ተገለጠ።

«ዳግም ርቢ»፣ «ሣልስ ርቢ» የሚሉት የአማርኛ ስያሜዎች የቁጥርን ተራ ይከተላሉ፤ ቀጣዮቹም «ራብዕ»፣ «ኃምስ» እየተባሉ ያለ ችግር ሊቀጥሉ ይችላሉ። ዳግሙ በሣልሱ ሲባዛ ኃምሱን እንደሚሰጥ ስሞቹ ራሳቸው ይነግሩናል። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ስያሜ መመዘን ያለበት በተናጠል ትርጉሙ ብቻ ሳይሆን ከሌሎች ስያሜዎች ጋር ሲጣመር በሚሰጠው አገልግሎትም ጭምር መሆኑን ነው።