የከሰረ ድርጅት ለጠበቃው በምን ይከፍላል?

ጥያቄው መጀመሪያ የመጣብኝ እንደ ቀልድ ነው። ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት የገባ ድርጅት በሰዓት የሚያስከፍል ጠበቃ በምን አቅሙ ይቀጥራል? መልሱን ሳገኘው ግን ሳቄ ቆመ። የሚከፍለው ከዚያችው ከተረፈችው ንብረት ነው፤ ያውም መያዣ ከሌላቸው አበዳሪዎች ቀድሞ።

ታሪኩ የአሜሪካ ነው፤ ዓመቶቹም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በ1898ቱ የኪሳራ ሕግ ዘመን ዳኞች በክፍያ ላይ እጃቸው ጠበቅ ያለ ነበር። ሁሉም ገንዘቡን እያጣ ጠበቃው ብቻ ለምን ሙሉውን ይወስዳል? እሱም ትንሽ ይቅርበት ይሉ ነበር።

በ1978 ኮንግረሱ ሕጉን እንደ አዲስ ሲጽፍ ይህን ቁጠባ ሻረው። ክፍያው በሌላ የሕግ ሥራ ከሚከፈለው ጋር ይመጣጠን ተባለ። ሐሳቡ የሞኝ አልነበረም። ክፍያው ካነሰ ጎበዞቹ ጠበቆች ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ የሚል ስጋት ነበር። ሒሳቡን መርምሮ የማጽደቅ ሥልጣንም ከዳኛው እጅ አልወጣም።

ከዚያስ? ዲሴምበር 2 ቀን 2001 ኤንሮን ኪሳራ አወጀ። ወዲያው ወደ 4,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ተሰናበቱ። ብዙዎቹ የጡረታ ቁጠባቸውን በኤንሮን አክሲዮን አስቀምጠው ስለነበር እሱም አብሮ ተነነ። የባለሙያዎቹ ሒሳብ ግን 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። ሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 ደግሞ ሌማን ብራዘርስ 639 ቢሊዮን ዶላር ንብረት አስመዝግቦ ወደቀ። የዚያኛው ሒሳብ ከ2 ቢሊዮን አለፈ።

እውነቱን ለመናገር፣ ለሌማን አበዳሪዎች የተከፋፈለው ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከዚያ አንጻር 2 ቢሊዮን ትንሽ ይመስላል። እኔን የከነከነኝ የገንዘቡ መጠን አይደለም። ጠበቃውን የሚቀጥረው አንዱ፣ የሚከፍለው ሌላው መሆኑ ነው። ጥቂት ሺህ ዶላር የቀረበት ሰው የጠበቆቹን ሒሳብ ልቃወም ቢል ሌላ ጠበቃ መቅጠር አለበት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ስለዚህ ዝም ይላል።

በ2013 የፍትሕ ሚኒስቴሩ የኪሳራ ጉዳዮች ተቆጣጣሪ ለትልልቅ ጉዳዮች አዲስ መመሪያ አወጣ። ጠበቆች በጀታችሁን አሳዩ፣ ሌላውን ደንበኛ ስንት እንደምታስከፍሉም ንገሩን አለ። የ1898ቱ ዳኞች ጥያቄ በሌላ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው፦ ይሄ ሁሉ በማን ኪስ ነው?